ማስያዣው በአከራይ እጅ፣ ገንዘቡ ግን የማን?

የዛሬው ዝግጅታችን ለተከራይም ለአከራይም የሚሆን ነው፤ አንዱ ወገን ብቻ ቢሰማው ግማሹ ይባክናል። አዳማ ላይ ቤት የሚከራይ ሰው ከወር ኪራዩ በላይ የሚያስይዘው ገንዘብ አለ። አንዳንዱ ዲፖዚት ይለዋል፤ አንዳንዱ ማስያዣ፤ ሌላው ደግሞ «ለመብራትና ለውኃ እኔ ጋ ይቀመጥ» ብሎ ይቀበላል። ሲሰጥ ችግር የለም። ተከራዩ ቤት በማግኘቱ፣ አከራዩ ሰው በማግኘቱ ደስ ብሏቸው ይጨባበጣሉ። ጣጣው የሚመጣው ዕቃ በአይሱዙ ተጭኖ ቁልፍ የሚመለስ ዕለት ነው። «ግድግዳው ቆሽሿል»፣ «የመብራቱ ቢል ገና አልመጣም»፣ «አዲስ ተከራይ ሲገባ ከእሱ ተቀብዬ እልክልሃለሁ» ይባላል። ሳምንቱ ወር ይሆናል፣ ስልኩ መነሳት ያቆማል፣ ተከራዩም «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ማስያዣ አከራዩ ዘንድ ቢቀመጥም የተከራዩ ገንዘብ ነው። ቤቱ ሲለቀቅ «ይህን ያህል የቀነስኩት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የማስረዳት ሸክሙ ያለው አከራዩ ላይ ነው። ይህ ክርክር አንድ ቦታ ላይ ተከራዩን ጥሎት ይሄዳል፤ እዚያ ስንደርስ አንሸሽገውም።

ነገሩ በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ለምን ይበልጥ እንደሚያንገበግብ ለመረዳት ማን እንደሚከራይ ማየት ይበቃል። አዳማ ውስጥ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በርካታ የግል ኮሌጆች አሉ፤ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ሞጆ ደረቅ ወደብና የቆዳ ፋብሪካዎች አሏት፤ ባቱ የአበባ እርሻ፣ መቂ የአትክልት ንግድ፣ ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። እነዚህ ሁሉ ሰው የሚስቡት ለዕድሜ ልክ ሳይሆን ለጊዜው ነው። ተማሪው ይመረቃል፣ የመንግሥት ሠራተኛው ይዛወራል፣ የፋብሪካዋ ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ ስታገኝ ወይም ፈረቃዋ ሲቀየር ቤት ትለውጣለች። ቤት በለወጡ ቁጥር ማስያዣ ይከፈላል። ደመወዝተኛ ደግሞ ለሁለተኛው ቤት የሚያስይዘው ብር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቤት የሚመለስለት ያው ብር ነው። አሮጌው አከራይ አንድ ወር ሲያዘገየው ተከራዩ ከጓደኛ ይበደራል፣ ዕቁቡን አስቀድሞ ይለምናል ወይም ያገኘውን ቤት ያጣል። ስለዚህ «ትንሽ ገንዘብ ናት፣ ምን ያጨቃጭቃል» የሚለው አባባል የሚያምርበት ገንዘቡን የያዘው ሰው ሲናገረው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ቤት ሲከራዩ ሦስት ዓይነት ክፍያ ይደባለቃል፤ ብዙው ጭቅጭቅም የሚወለደው ከዚህ መደባለቅ ነው። አንደኛው ቀብድ ነው። «ቤቱን ለሌላ አትስጥብኝ» ተብሎ የሚሰጥ ሲሆን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ይገዛዋል፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሁለተኛው ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ገና ላልኖሩበት ወር አስቀድሞ የሚከፈል ኪራይ ነው፤ ወሩ ሲኖርበት ያልቃል። ሦስተኛው ማስያዣ ነው። ይህ ኪራይም አይደለም፣ የውል ማሰሪያም አይደለም፤ ተከራዩ ቢያጠፋ ወይም ዕዳ ጥሎ ቢሄድ መተማመኛ እንዲሆን አከራዩ የሚይዘው ነው። አከራይ «ማስያዣው እኮ ቀብድ ነው፣ አይመለስም» ሲል የመጀመሪያውን ሕግ ወስዶ ለሦስተኛው እያለበሰው ነው። ተከራይም «ማስያዣውን ልኑርበትና ልውጣ» ሲል ሦስተኛውን ወደ ሁለተኛው እየለወጠው ነው። ደረሰኙ ላይ «ብር ተቀብያለሁ» ከሚል ይልቅ «ቤቱ ሲለቀቅ የሚመለስ ማስያዣ» የሚል ቃል ቢጻፍ ከዓመት በኋላ የሚነሳው ክርክር ግማሹ ከወዲሁ ያልቃል። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲላክም ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ኪራዩንና ማስያዣውን ለይቶ፣ በሁለት ዝውውር መላክ ብልህነት ነው።

የማስረዳት ሸክሙ የአከራዩ ነው ያልነው ከስሜት ተነስተን አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 መንገዱን ይዘረጋዋል፤ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ደግሞ የቀረበትን ምክንያት ያስረዳል። ወደ ቤታችን ስንመልሰው፣ ተከራዩ ማስያዣ መክፈሉን በደረሰኝ፣ በባንክ ወረቀት ወይም በምስክር ያሳያል። ከዚያ በኋላ «አዎ ተቀብያለሁ፣ ግን መስታወት ሰብሯል» የሚለው አከራይ መስታወቱ መሰበሩንና ዋጋውን ማሳየት አለበት። በዚህ ላይ ማቻቻል የሚባለው ደንብ አለ። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ዕዳ ቢኖራቸው አንዱን በሌላው ማጣፋት ይቻላል፤ ነገር ግን በቁጥር 1831ና 1832 እንደተመለከተው የሚቻቻለው ዕዳ መጠኑ የታወቀና መክፈያ ጊዜው የደረሰ መሆን አለበት። የመጣ የውኃ ቢል ልኩ የታወቀ ነው፤ ይቀነሳል። «ቤቱን ለማደስ ሳይፈጅብኝ አይቀርም» ተብሎ በግምት የሚጠራ ገንዘብ ግን ልኩ ያልታወቀ ነው። ደረሰኝ ወይም የባለሙያ ዋጋ ሳይቀርብ ከማስያዣው ላይ የሚቆረጥ እያንዳንዱ ብር እንግዲህ አከራዩ ለራሱ የፈረደው ፍርድ ይሆናል።

እዚህ ጋ የክርክሩ ደካማ ጎን ይመጣል። ሕጉ ለኪራይ ቤት አንድ ግምት አስቀምጧል። ቤቱ ሲሰጥ ይዞታው በዝርዝር ተጽፎ ካልተመዘገበ፣ ተከራዩ ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ፣ ቤቱን በደኅና ሁኔታ ተረክቧል ተብሎ ይገመታል። ማስያዣ ለመክፈሉ ደረሰኝ ያለው ሰው እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሽንት ቤቱ ሴራሚክ እሱ ከመግባቱ በፊት የተሰነጠቀ ቢሆንም፣ ይህን የሚል ወረቀት ከሌለ ስንጥቁ የእሱ ይሆናል። ብዙ ተከራይ የሚሸነፈው ሕጉ ስላልቆመለት ሳይሆን፣ ሕጉ «የት ጻፍከው?» ሲለው መልስ ስለሚያጣ ነው። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፤ አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት ነው። ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን ሁለቱ ሰዎች ከክፍል ክፍል እየዞሩ ያዩትን ይጽፋሉ። «ሳሎን፦ ሦስት ሶኬት፣ አንዱ የማይሠራ፤ የመስኮት መስታወት ስድስት፣ በጓሮ በኩል ያለው ጥጉ የተሰነጠቀ፤ የኮርኒሱ አንድ ጥግ ውኃ የነካው፤ ኩሽና፦ ቧንቧው የሚያንጠባጥብ፤ ቁልፍ፦ የውጭ በር ሁለት፣ የመኝታ ቤት አንድ፤ የመብራት ቆጣሪ ንባብ ይህን ያህል፣ የውኃ ቆጣሪ ይህን ያህል።» ሁለቱ ይፈርማሉ፣ ሁለት ምስክር ይጨመራል፣ ቀኑ ይጻፋል፣ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶውም በዚያው ቀን ለአከራዩ ይላካል። ፎቶ ስልክ ውስጥ ብቻ ሲቀር «መቼ አነሳኸው?» ይባላል፤ የተላከ ፎቶ ግን ቀኑን ይዞ ይቀመጣል።

በእኛ አካባቢ ወረቀቱ ሌላም ጥቅም አለው። አዳማ ነፋሷ የሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን ተርባይኖች የሚያሽከረክር ከተማ ናት፤ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እንዲህ ባለ ከተማ በር እየተላተመ መስታወት ይረግፋል፣ አቧራ በስንጥቅ ሁሉ ገብቶ የነጣውን ግድግዳ ቡኒ ያደርገዋል። መስኮቱን ከፍቶ የሄደው ተከራዩ ከሆነ ኃላፊነቱ የእሱ ነው፤ የመስኮቱ መያዣ ሲረከበው የተነቀለ ከነበረ ግን አከራዩ ያላስጠገነውን ነገር ተከራዩ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ልዩነቱን የሚናገረው ያ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥም ንዝረቱ ከአዳማ አልፎ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ የታየ ስንጥቅ የማን ዕዳ ነው? የኪራይ ሕጋችን አነስተኛ ጥገናን ለተከራይ ይሰጣል፤ በዕድሜ ብዛትና ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል የመጣውን ግን ተከራዩ ላይ አይጭንም። በመንቀጥቀጥ ለተሰነጠቀ ግድግዳ ማስያዣ መያዝ አይቻልም፤ ስንጥቁ መቼ እንደታየ ለአከራዩ በጊዜው በጽሑፍ የነገረ ተከራይ ግን ጭቅጭቁን ሳይጀመር ይዘጋዋል።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚበላው ግን ነፋስም መንቀጥቀጥም አይደለም፤ ቀለም ነው። አብዛኛው የኪራይ ውል «ቤቱን እንደተረከብኩት አስረክባለሁ» ይላል፤ አንዳንዱም «ቀለም ቀብቼ አስረክባለሁ» የሚል ይጨምራል። የመጀመሪያው ቃል የተለመደ አጠቃቀም የሚያመጣውን ማርጀት አያካትትም። ሰው ሦስት ዓመት የኖረበት ግድግዳ እጅ ይነካዋል፣ የሶፋ ጀርባ ይፈትገዋል፣ የከሰል ጢስ ያጠቁረዋል። ይህ የመኖር ውጤት ነው፤ አከራዩም በየወሩ ኪራይ የተቀበለው ሰው እንዲኖርበት ነው። ሕፃን በማርከር የሣለበት ግድግዳ፣ ሚስማር ተመትቶ የተቦደሰ ጂፕሰም፣ ተነቅሎ የተወሰደ የመብራት መያዣ ግን ማርጀት አይባልም፤ ጉዳት ነው፣ ይከፈላል። ሁለተኛው ቃል፣ ማለትም ቀለም ለመቀባት በግልጽ የተፈረመበት፣ ያስራል። ስለዚህ ሲፈርሙ መጠየቅ ተገቢ ነው፦ ሲረከቡት በእርግጥ አዲስ ቀለም ነበረው? ያልተቀባ ቤት ተረክቦ የተቀባ ቤት ለመመለስ መፈረም ለአከራዩ ቤት ማደሻ ማዋጣት ነው። «ከውሉ ጊዜ በፊት ቢለቅ ማስያዣው አይመለስም» የሚል አንቀጽም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሕጉ ተዋዋዮች አስቀድመው የተስማሙበትን የመቀጫ ገንዘብ ያውቃል፤ «ሳላነበው ነው የፈረምኩት» የሚለው መልስ ብዙ ርቀት አያስኬድም።

እስካሁን የተናገርነውን የሰማ ተከራይ «ይህ ሁሉ ለሬዲዮ ያምራል፤ ቤት በጠፋበት ከተማ ወረቀት እንፈርም ብል አከራዩ ቁልፉን ለሌላ ይሰጣል» ሊል ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ደላላው አምስት ሰው አሰልፎ በሚጠብቅበት ቤት በር ላይ ተከራይ ጉልበት የለውም። ነገር ግን የርክክብ ወረቀት ከአከራዩ ምንም አይወስድም፤ እንዲያውም ቤቱ ደኅና ሆኖ ከተሰጠ ዋናው ማስረጃው የእሱ ነው። ጥያቄውን «አላምንዎትም» ከሚል ድምፅ ይልቅ «ጋሼ፣ ነገ እኔ ያላጠፋሁትን እንዳይሉኝ፣ ያጠፋሁትንም እንዳልክድዎት እንጻፈው» ብሎ ማቅረብ ይቻላል። እምቢ ካሉም ሌላ መንገድ አለ። ተከራዩ በገባበት ዕለት ያየውን ጉድለት በአጭር መልእክት ዘርዝሮ ይልካል፤ አከራዩ ባይመልስ እንኳ መልእክቱ ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። ሙሉ ማስረጃ ባይሆንም ከባዶ እጅ ይሻላል።

ጉልበቱን በመጠኑም ቢሆን ለማመጣጠን የወጣ ሕግም አለ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የግል ቤት ኪራይ ለረጅም ዘመን ከሕግ ጥላ ውጭ ኖሯል። ሰው ማከራየቱን ባያቆምም፣ ልማዱ ያደገው ያለ ውል፣ ያለ ደረሰኝ፣ በቃል ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላም የቃል ልማዱ ቀጠለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የወጣው በ2016 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው አካል እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ፣ በቢሾፍቱም ሆነ በባቱ ያለ ተከራይ ውሉን ከመፈረሙ በፊት የከተማውን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ምዝገባው የት እንደሚደረግ ይጠይቅ። ሁለት ወር ቅድሚያ ከተቀበሉ በኋላ «ይህኛው ደግሞ ማስያዣ ነው» እያሉ ሦስተኛና አራተኛ ወር መጨመር፣ በእኛ ግምት፣ ጣሪያውን በጓሮ በር ማለፍ ነው። የሚመዘገበው ውል ላይ ማስያዣው በቁጥር ከሰፈረ ይህን ጨዋታ መጫወት ይከብዳል።

አከራዩም የሚለው አለው፤ ደግሞም መሰማት አለበት። የሦስት ወር የመብራት ዕዳ ጥሎ በሌሊት ዕቃውን የጫነ ተከራይ አለ። በአንድ ግቢ አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የአንዱ ዕዳ የሌሎቹን መብራት ያስቆርጣል። በውጭ አገር ኗሪ ሆኖ ቤቱን በወኪል የሚያከራይም አለ፤ እሱ ከሩቅ ሆኖ ቤቱ ምን እንደደረሰበት አያይም። ማስያዣ ሕገወጥ ነው አላልንም፤ ለእነዚህ ስጋቶች ተገቢ መልስ ነው። የምንለው ስጋቱና የሚያዘው ገንዘብ ይመጣጠን ነው። የቅድሚያ ክፍያ የመብራት ካርድ ባለበት ቤት የመብራት ዕዳ አይከማችም፤ ስለዚህ «ለመብራት» ተብሎ የሚያዝ ገንዘብ ምክንያቱን አጥቷል። የመጨረሻው ቢል ስላልመጣ ብቻ ሙሉ ማስያዣን መያዝም አይገባም፤ ካለፉት ወራት ፍጆታ ተነስቶ በቂ የሆነውን ያህል ይዞ ቀሪውን ቁልፍ በተመለሰበት ዕለት መስጠት፣ ቢሉ ሲመጣም ሒሳቡን መዝጋት ይቻላል። ከወኪል ጋር የሚዋዋል ተከራይ ደግሞ የውክልናውን ኮፒ ይያዝ፣ ወኪሉም ማስያዣውን በባለቤቱ ስም መቀበሉን ይጻፍ፤ ካልሆነ «ለእኔ አልደረሰኝም» በሚል ባለቤትና «እኔ አስተላልፌያለሁ» በሚል ወኪል መካከል ይቀራል።

ተከራዮች በራሳቸው የሚወስዱት መፍትሔ፣ ማለትም የመጨረሻውን ወር ኪራይ ሳይከፍሉ ማስያዣውን ኖረውበት መውጣት፣ ለምን እንደተለመደ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን መልሱልኝ ብሎ ከመለመን ያድናል። አከራዩ ከተስማማበት ምንም ነውር የለውም፤ በአጭር መልእክት «በተስማማነው መሠረት የግንቦት ኪራይ ከማስያዣው ይታሰባል» ተብሎ ይጻፍ። ያለ ስምምነት ከሆነ ግን ተከራዩ ኪራይ ያልከፈለ ሰው ይሆናል፤ የውል ጥሰቱም ከአከራዩ ወደ እሱ ይዞራል። ትክክል ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ ሆኖ መገኘት ከሽንፈት ሁሉ የከፋው ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጭቅጭቅ የፈቱት ገንዘቡን ከአከራዩ ኪስ በመለየት ነው። በእንግሊዝ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አከራይ ማስያዣውን መንግሥት ዕውቅና በሰጠው ጥበቃ ሥርዓት ውስጥ የማስገባት ግዴታ አለበት፤ ካላደረገ ፍርድ ቤት ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል። በጀርመን ማስያዣ ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ተከራዩ በሦስት ጊዜ ከፍሎ ሊጨርሰው ይችላል፣ አከራዩም ከራሱ ገንዘብ ለይቶ በወለድ ያስቀምጠዋል። እኛ ዘንድ ይህን ለመጀመር አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። ኪራዩን በሞባይል የሚልክ ከተማ ማስያዣውንም የሁለት ሰው ፊርማ በሚጠይቅ የባንክ ሒሳብ ሊያስቀምጥ ይችላል። የአከራዩ ገንዘብ ካልሆነ አከራዩ ሊያንቀሳቅሰው ለምን ይፈልጋል? «አዲስ ተከራይ ሲገባ እሰጥሃለሁ» የሚለው መልስ ራሱ ገንዘቡ መጥፋቱን ይናገራል፤ ያንተን ማስያዣ ከሚቀጥለው ሰው ማስያዣ ልክፈል ማለት ነው።

ቃል ካልሠራ ወደ ማስጠንቀቂያ ይኬዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 እንደሚለው ውል ያልፈጸመ ሰው ላይ ሕጉን ለመጠቀም አስቀድሞ በማስጠንቀቂያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ደብዳቤ ነገረ ፈጅ አይፈልግም፦ ቤቱ የተለቀቀበት ቀን፣ ቁልፍ የተመለሰበት ቀን፣ የማስያዣው መጠን፣ የተከፈሉት ቢሎች፣ መመለሻ የሚሰጠው ቀነ ገደብ። ኮፒው ይያዝ፣ በምስክር ፊት ወይም በሚመዘገብ መንገድ ይድረስ። ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ ገንዘብ ያዘገየ ሰው በሕግ የተወሰነውን 9 በመቶ የዓመት ወለድ ይከፍላል። በ10,000 ብር ላይ ይህ በዓመት 900 ብር፣ በወር 75 ብር ነው፤ ከኑሮ ውድነቱ አንጻር ትንሽ ነው፣ ግን የሚቆጠረው ከማስጠንቀቂያው ቀን ጀምሮ ነውና ሳይጽፉ የሚያልፍ ወር አይቆጠርም። «ለ8,000 ብር ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል?» የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ቀኑን ከሥራ ቀርቶ የሚውል የቀን ሠራተኛ የሚያጣው ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ነው በመጀመሪያ ወደ ሽማግሌ መሄድ የሚሻለው። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁማለች፤ ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ የሀገር ሽማግሌዎች፣ በኦሮምኛ ጃርሰ ቢያ የሚባሉት፣ ጉዳዩን ያዩታል። የጎረቤት ዐይን ያለበት ሸንጎ ፊት የሰው ገንዘብ መያዝ ያሳፍራል፤ ደግሞም አከራይና ተከራይ ነገም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ያ ካልሆነ በወረዳ ደረጃ ያለው ፍርድ ቤት አለ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ በአማርኛ የተጻፈ ውል ያለው ሰው ትርጉም ማዘጋጀት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ከመጀመሪያው በሁለቱም ቋንቋ ቢጻፍ ወጪው ይቀራል።

አሁን ቤት ውስጥ ያላችሁና የርክክብ ወረቀት ያልጻፋችሁ አድማጮቻችን፣ ጊዜው አላለፈም። በሚቀጥለው ኪራይ መክፈያ ቀን፣ ግንኙነታችሁ ሰላም በሆነበት ሰዓት፣ የከፈላችሁትን ማስያዣ መጠንና የቤቱን ይዞታ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከአከራያችሁ ጋር ተፈራረሙ። አከራዮችም፣ በእጃችሁ ያለውን የተከራያችሁን ማስያዣ ሳትነኩ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ቁልፉ በተመለሰበት ዕለት ይጠየቃልና።